ከልሱም ዘፈን ያቆመች ቀን

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ እግሩ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ የከተማችን የኮታ ባሩ ገበያ ዓሣ ሁሉ አጥንቱ ጉሮሮዬ ላይ ይሰንቀር። ምስክር ካስፈለገም አለችኝ፤ እዚሁ ወጥ ቤት ውስጥ ናት።

የእማማ ናብ ምግብ ቤት ያለው ስድስት ጠረጴዛ ነው፤ በምሳ ሰዓት ግን ስድስት መቶ ሰው ይበላበታል። ሰልፉ ወንዙ ዳር ይደርሳል። ሚኒስትርም ቢመጣ ተራውን ይጠብቃል።

ጋዛሊ የጀልባ ቀለም ቀቢ ነበር። በዚያ ባሕር ዳርቻ እንደ እሱ ያለ መልከ መልካም አልተወለደም፤ ወደፊትም የሚወለድ አይመስለኝም። መጀመሪያ የገባ ዕለት በአበባ ውኃ የሚቀቀለው የቤቱ ሰማያዊ ሩዝ ላይ ቃሪያውን በእፍኙ ነሰነሰበትና እንባው ዱብ ዱብ አለ። ሳህን የምታነሳው የእማማ ናብ ልጅ ከልሱም ቆም ብላ አየችው።

«ማን ሞቶብህ ነው?»

«ቃሪያው ነው።»

«ቃሪያውማ ደህና ነው። የጠየቅኩት አንተን ነው።»

ከዚያች ቀን ወዲህ ምሳውን ሌላ ቦታ በልቶ አያውቅም። ከልሱም ወጥ ቤት ስትገባ ትዘፍናለች። እኛ ዘንድ ደግሞ ምድጃ ሥር የምትዘፍን ልጃገረድ ሽማግሌ ታገባለች ይባላል። ደንበኛው ሁሉ በዚህ ይተርባታል። ጋዛሊም የልቡን መናገር ሲያቅተው ተረቡን ይቀላቀላል።

«ዝፈኚ፣ ዝፈኚ፤ ከዘራውን የያዘው ባልሽ መንገድ ላይ ነው።»

«ይምጣ» ትለዋለች። «እሱ ቢያንስ የሚፈልገውን ይናገራል።»

እንዲህ እየተባባሉ ሦስት ዓመት አለፈ። ከዚያ ሚስቱ የሞተችበት ወርቅ አንጣሪ፣ የስልሳ ሁለት ዓመቱ ሐጂ ደራማን፣ ከልሱምን ለማግባት ሰው ልኳል የሚል ወሬ ገበያውን ሞላው። በዚያው ሳምንት ወጥ ቤቱ ዝም አለ። ከልሱም አትዘፍንም።

«ተስማምታለች ማለት ነው» አለ ጋዛሊ ለራሱ። «በገዛ ምላሴ ጠርቼ ያመጣሁት ሰው...»

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት ባለ ሐር ሻሽ ሴቶች ገብተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ለጋብቻ ልጅ ሊያዩ የሚመጡ ሴቶች እንደማንኛውም ሰው ምሳ አዝዘው፣ የልጅቷን አካሄድና የእጇን አሠራር ሰርቀው እንደሚያዩ የማያውቅ የለም። ሴቶቹ ከልሱምን ከላይ እስከ ታች አዩአት። አንደኛዋ ከቦርሳዋ ትንሽ ቀይ ሳጥን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ቀለበት! እማማ ናብ ከተቀበሉት አለቀ።

ጋዛሊ ሳህኑን ገፋ አደረገ። ከልሱም መጥታ ውኃ ቀዳችለት።

«ዛሬም አትዘፍኚም?»

«ያልከው ደረሰ እኮ። ከእንግዲህ ለማን ልዝፈን?»

«ቀልዴን ነበር።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ?»

መልሱን ሳትጠብቅ ሄደች። ባለ ሳጥኗ ሴትዮ እጇን አነሳች።

«የቤቱ ባለቤት የታሉ? እስኪ አንድ ጊዜ ጥሩልን።»

እማማ ናብ እጃቸውን እየጠራረጉ ወጡ። የሳጥኑ ክዳን ተከፈተ። የወርቁ ብልጭታ የግማሹን ሰልፍ ዓይን አጠፋ። ያኔ ሰባት ሳህን ጠርጎ የበላው ጋዛሊ እንደ አንበሳ ተነሣ። ጠረጴዛው ተገለበጠ። ድምፁ ከታይላንድ ድንበር ማዶ ተሰማ።

«እማማ ናብ፣ ቀለበቱን እንዳይቀበሉ!»

ምጣድ ላይ ያለው ዓሣ እንኳን መንጫጫቱን አቆመ።

«አንተ ደግሞ ምን አገባህ?» አሉት እማማ ናብ።

«ከልሱምን እፈልጋታለሁ። ወርቅ የለኝም፤ ያለኝ የቀለም ብሩሽ ነው። ግን እሷ ስትዘፍን አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም።»

እማማ ናብ እሱን አዩት። ልጃቸውን አዩአት። ከልሱም የሳህኑን ቁልል አቅፋ ቆማለች።

«ሦስት ዓመት ሩዜን ከምትጨርስ» አሉ በመጨረሻ፣ «በመጀመሪያው ቀን አትናገርም ነበር?»

ሴቶቹ ከነወርቃቸው ሸሹ። በወሩ ሰማንያ በሬ ታርዶ ሠርጉ...

«ጋዛሊ።»

ምስክሬ ከወጥ ቤት ወጥታ፣ ሳህኔን ፊቴ አስቀመጠች። ጠረጴዛውን ከበው የሚያዳምጡኝ ደንበኞች ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ።

«የሐጂውን ቀለበት እማዬ ከዚያ ቅዳሜ በፊት፣ ሐሙስ ዕለት መልሳለች» አለች ቀስ ብላ። «መልሺ ያልኳትም እኔ ነኝ። ሁለቱ ሴቶች መንገደኞች ነበሩ፤ ርቧቸው ነው የገቡት። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው የጉልበት ሕመም ክኒን ነው፤ እማዬን የጠሯት ለብ ያለ ውኃ ፈልገው ነው። አንተም የበላኸው ግማሽ ሳህን ነበር። ድምፅህም እንኳን ታይላንድ፣ ለእኔም በግድ ነው የተሰማኝ። ዘፈን ያቆምኩት አንተ ትናገር እንደሆን ብዬ ነው።»

«ታዲያ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

ትከሻዬ ላይ የወደቀውን ሩዝ በጣቷ አነሳች።

«በስንት መከራ የተከፈተ አፍ» አለች፣ «እንዴት ብዬ ልዝጋው?»