ርካሹ ፍል ውኃ

ሽማግሌው ሺራቶ ቶኩጂ ሞተው የተገኙት ቁርስ ሊቀርብ ሲል ነው። የልጃቸው ሚስት ማዩሚ «አባባ፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል» ብላ ትከሻቸውን ነካችና እጇን ሰበሰበች። አልጮኸችም። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ባሏ ኬንሳኩና እህቱ ናትሱዬም አልጮኹም።

መርማሪ ኩራሞቺ ሴትሱ ከሳጅን ሙካይ ጋር የበረዶውን ዳገት ወጥታ ፍል ውኃው ሆቴል ስትደርስ ሐኪሙ ቦርሳውን እየዘጋ ነበር።

«ልብ ነው» አላት። «ምን አቆመው ለሚለው ምርመራውን ጠብቂ። አሁን የማውቀው ትናንት እራት ከመቅረቡ በፊት መሞታቸውን ነው።»

«ከእራት በፊት?» አለ ሙካይ። «ታዲያ ቤተሰቡ ሌሊቱን ሙሉ ከሬሳ ጋር ነው የተኛው?»

«እኔ ሐኪም ነኝ፤ የተኛውን ጠይቅ» አለና ወጣ።

አራቱ እንግዶች ያደሩት በአንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ ዋጋው የሚቀንሰው እንደዚያ ሲሆን ነው። ሰሌኑ ላይ አራት ፍራሾች ተነጥፈዋል። የሦስቱ ራስጌ ወደ በሩ ነው። የሽማግሌው ብቻ ወደ መስኮቱ ዞሯል። ኩራሞቺ መስኮቱ ዘንድ ሄዳ ቆመች። ከውጭ ያለው በረዶ ገና ሰማያዊ ነበር፤ በዚያ በኩል ክረምቱን ሙሉ ፀሐይ አይመታውም። በረዶውን አየች፣ ትራሱን አየች፣ ከዚያ ወደ በሩ ተመልሳ የእንግዶቹን ነጠላ ጫማዎች ተመለከተች። ሦስት ጥንድ ነበሩ።

ናትሱዬ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሳትጠየቅ ጀመረች።

«ሆቴሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

«እንዴት መረጡት?»

«ስልኬ ላይ ስንቱን አየሁ። አንዱ ውድ ነው፣ አንዱ ደረጃው ይበዛል፣ አንዱ ምግቡ ለአባዬ ጥርስ ይከብዳል። እዚህ ከባቡር ጣቢያ መጥተው ይወስዱሃል። ደግሞ በር ዘግተህ የምትገባበት የቤተሰብ መታጠቢያ አለው። አባዬን ሁልጊዜ የማጥበው እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ጋሼ ኬንሳኩ ያጥበው ብዬ ነው።»

«ለምን?»

«በረዶው ሲቀልጥ አባዬ ወደ እሱ ቤት ሊዛወር ነበር። ተራው የጋሼ ነው። እንዲለማመዱ ብዬ ነው።» የሌላ አገር የአየር ሁኔታ የምታነብ ትመስል ነበር። «ማታ ማታ የልብ መድኃኒት ይወስዳል። እንደደረስን፣ ከመታጠቡ በፊት ሰጠሁት። እኔና ማዩሚ ከሴቶቹ መታጠቢያ ስንመለስ ጋሼ ‹ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት› አለን። ጨለማው ውስጥ አጠገቡ ትንሽ ተቀመጥኩ። ያኔ ደግመሽ ሰጥተሽዋል ይለኛል ጋሼ። የቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥም ሁለት ባዶ የመድኃኒት ከረጢት አለ።»

«ሰጥተዋቸዋል?»

«ትዝ አይለኝም። ድካም ነው። እሱ አየሁ ካለ ሰጥቼዋለሁ፤ እኔ ነኝ የገደልኩት።» ሁለት እጆቿን አንድ ላይ አድርጋ ዘረጋች። «አሁን ነው የምታስሩኝ ወይስ ቁርስ ይበላል?»

ሙካይ ጣሪያውን አየ።

ማዩሚ የምትለው ጥቂት ነበር። «አባባ አላንኮራፉም። እኔም ደስ አለኝ፣ እንቅልፍ አገኘሁ። ሌላ ምን ልበላችሁ?»

ወፍራሙ ኬንሳኩ ግን ብዙ ተናገረ። «አጠብኩት፣ ተነከርን፣ በእግሩ መጣ፣ ተኛ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እህቴን ጠይቋት። ክፉ አይደለችም፤ ደክማለች። ሰው ሲደክመው ይረሳል።»

«ፍራሹን ማን አነጠፈላቸው?»

«እኔ። እዚህ እኮ ራስህ ካላነጠፍክ ማንም አያነጥፍልህም። ርካሽ አይደል!»

«ርካሽ እንጂ ቆሻሻ አይደለም!» የሚል ድምፅ ከኮሪደሩ መጣ። የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ኦካኖ ያሱዮ ትሪ ይዛ ቆማለች።

ኩራሞቺ ወደ ወጥ ቤት ተከተለቻት። «እትዬ ኦካኖ፣ የጠፋ ነጠላ ጫማ አለ?»

«የጠፋ የለም፣ የተረሳ እንጂ። ትናንት የቤተሰብ መታጠቢያው በር ላይ አንድ ጥንድ አግኝቼ አነሳሁ። አንዱ ሰካራም በባዶ እግሩ ሄደ አልኩ።»

«ልክ እንደኔ አጎት» አለ ሙካይ። «እሱስ አንዴ ሱሪውንም ረስቶ ሄዷል።»

ኩራሞቺ አልሳቀችም። «ስለ ክፍሉ ለእንግዶቹ ምን ነገሯቸው?»

«ሁሌ የምለውን ነዋ። ‹መስኮቱ ሰሜን ነው፣ ትራሳችሁን ወደ በሩ አድርጉ።› ሴቶቹ ሽማግሌውን ደግፈው ደረጃ ላይ ነበሩ። የነገርኩት ለልጁ ነው።»

«አባቱ ሲታጠቡ ልጁን አይተውታል?»

ኦካኖ ትሪውን ደጋግማ ወለወለች።

ኩራሞቺ ሁሉንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ማንም ያልነካው ሩዝ ጠረጴዛው ላይ ደርቋል። ናትሱዬ ዳር ተቀምጣ የራሷን እጅ ታያለች።

«አቶ ኬንሳኩ፣ አባትዎ ከመታጠቢያው በእግራቸው ነው የመጡት ብለዋል።»

«አዎ።»

«ነጠላ ጫማቸው መታጠቢያው በር ላይ ቀርቷል። በዚህ ብርድ ኮሪደሩን በባዶ እግራቸው አልሄዱም። አዝለዋቸዋል።»

ኬንሳኩ ላቡን ጠረገ። «እሺ፣ አዘልኩት። ሙቀቱ አዙሮት ነበር። ሽማግሌ ማዘል ወንጀል ነው እንዴ?»

«አይደለም። ታዲያ በሕይወት ነበሩ?»

«ነበር እንጂ! ‹አስተኛኝ› አለኝ።»

«እናትዎ ሲሞቱ ገንዞ ያስተኛቸው ማን ነበር?»

ማዩሚ ቀድማ መለሰች። «እሱ ነው። የበኩር ልጅ ስለሆነ።»

«ራስጌያቸውን ወዴት አደረጉት?»

ማዩሚ ከባሏ ትንሽ ፈቀቅ አለች።

«ሁላችንም እናውቃለን» አለች ኩራሞቺ። «ራሱን ወደ ሰሜን አድርገን የምናስተኛው ሬሳን ብቻ ነው። ሕያው ሰው እንደዚያ አይተኛም፤ ልጅ እንኳ ቢሳሳት እናቱ ታዞረዋለች። የቀሩት ሦስት ፍራሾች ወደ በሩ ናቸው። መስኮቱ ሰሜን መሆኑን ከእናንተ መካከል ያወቀው የተነገረው ሰው ብቻ ነው። አንጎልዎ ‹ተኝቷል› የሚለውን ውሸት ሲያዘጋጅ እጅዎ ለአባትዎ የሚገባውን አደረገ። ሲያነጥፉላቸው መሞታቸውን ያውቁ ነበር።»

ኬንሳኩ ሩዙን ከፊቱ ገፋ አደረገ።

«እንግዲህ ወይዘሮ ናትሱዬ ከመታጠቢያ ሲመለሱ የተቀመጡት ሬሳ አጠገብ ነበር። ሬሳ መድኃኒት አይውጥም። ሁለተኛውን ከረጢት ባዶ አድርጎ የጣለው ‹አይቻለሁ› ያለው ሰው ነው።»

ናትሱዬ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

«የቀረን አንድ ነገር ነው። በድንገት ቢሞቱ ኖሮ ልጃቸው ጮኾ ሰው ይጠራ ነበር። ለምን ደበቀ? እትዬ ኦካኖ፣ አሁንም አይነግሩኝም?»

ኦካኖ ሽርጧን ጨበጠች። «ርካሽ ቤት ስለሆነ ገደላቸው እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው! ወጥ ቤቱ ውስጥ ማራገቢያው ይጮኻል። መታጠቢያው ውስጥ ያለው የድረሱልኝ ደወል እንግዳ መቀበያው ላይ ሲጮህ የሰማሁት መጨረሻውን ነው። ስወጣ አቶ ኬንሳኩ እዚያው ወንበር ላይ ወተት ይጠጣሉ። ‹ልጅ ነክቶት ነው፣ አጥፍቼልዎታለሁ› አሉኝ።»

«ትናንት ሆቴሉ ውስጥ ልጅ ነበር?»

«አንድም። ከእነሱ ሌላ ያደሩት ሽማግሌ ባልና ሚስት ናቸው።»

ሙካይ ቀስ ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ግን ኬንሳኩ የሚሮጥ ሰው አልነበረም።

«ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው የወጣሁት» አለ። «አጥቤው፣ ውኃው ውስጥ አስቀምጬው ወጣሁ። ወተቴን ስከፍት ደወለ። ከእንግዲህ ቤቴም ውስጥ እንዲህ ሊጮህ ነው አልኩ፤ በየሌሊቱ። ዝም እንዲል ብቻ ነው የፈለግሁት። አጠፋሁት። ስመለስ ዝም ብሎ ነበር።» ወደ እህቱ ዞረ። «አንቺ አራት ዓመት ቻልሽ። እኔ አንድ ከሰዓት አልቻልኩም።»

«በእኔ ላይስ ለምን አሳበብክ?»

«አንቺ ታምኚያለሽ ብዬ ነው። ሁልጊዜ ጥፋቱ የኔ ነው ትያለሽ።»

ኩራሞቺ ወደ ናትሱዬ ጎንበስ አለች። «እርስዎ አልገደሏቸውም። ይሰሙኛል?»

«እሰማለሁ» አለች ናትሱዬ። ከዚያ «ጋሼ፣ ደወሉ ብዙ ጮኸ?» ብላ ጠየቀች።

ኬንሳኩ ወለሉን አየ። «ብዙ።»

ናትሱዬ ራሷን ነቀነቀች፤ እንደገባት ሰው። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ።

«ከዚህ የሚረክስ ሆቴልም አግኝቼ ነበር» አለች። «ደወል ስለሌለው ተውኩት።»