የሞተችው ሽመላ ሙቀት

አስከሬኑን ከጭቃው ያወጡት በገመድ ነው። ረግረጉ የያዘውን ቶሎ አይለቅም። የሽመላ ጥናት ጣቢያው ኃላፊ፣ ወፎች ከየት ተነስተው የት እንደሚያርፉ በሳተላይት ሲከታተል ያረጀ ሰው፣ ከቢሮው መስኮት በሚታይ ቦታ ሰምጦ ሞተ። በረግረጉ ላይ የተዘረጋው የእንጨት መተላለፊያ ከመሃሉ ሁለት ሳንቃ ጎድሎታል። ፖሊሶቹ «እንጨቱ በስብሶ ነው፤ አደጋ ነው» ብለው ሊሄዱ ሲነሱ መርማሪዋ «ቆይ» አለች።

ይህች ቃል ስሟ ሆና ቀርታለች። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ወይዘሮ ቆይ» ይሏታል፤ ታውቃለች፣ ግድም የላትም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብላ የምታምን ሴት ነች። ተንበርክካ አግዳሚውን በጣቷ ዳሰሰች። የበሰበሰ ሳንቃ ምስማሩን ጥሎ ይሰበራል እንጂ ይዞት አይሄድም። እዚህ ግን አንድም ምስማር አልቀረም፤ ያሉት ንጹሕ ቀዳዳዎች ናቸው።

በዚያ አካባቢ የሚኖሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የሟች ልጅ፣ የጣቢያው የመሣሪያ ባለሙያና ማሳው ከጣቢያው አጥር ጋር የሚዋሰነው የሟች ታናሽ ወንድም።

ልጅቷ ማሞቂያ በሌለው ቢሮ ውስጥ ካፖርቷን እንደለበሰች ተቀምጣለች። የምታድረውም እዚያው ነው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች፣ የስልክ ቁጥር እንደምትናገር ሁሉ።

«እንዴት አድርገሽ፣ የኔ ልጅ?»

«የሳተላይቱን መልእክት የምቀበለው እኔ ነኝ። ሽመላዋ እግር ላይ የታሰረው መሣሪያ ብዙ ሰዓት ካልተንቀሳቀሰ ‹ወፏ ሞታለች› ብሎ ይልካል። ጎህ ሲቀድ መጣ። አባዬን ቀሰቀስኩት። ጉም ነበር፤ ትንሽ ይግለጥልህ እንኳ አላልኩትም።»

«ለምን አንቺ አልሄድሽም?»

«ሕጋችን ነው። መሣሪያውን ያሰረላት ሰው ነው ሬሳዋን የሚያነሳው። አባዬ ያሰረላቸው ወፎች ቀይ ምልክት አላቸው፤ ይህችም ነበራት።»

«ሕጉን ማን ያውቃል?»

«ሁላችንም። ጋሼ እንኳ ‹የወፍ ቀባሪዎች› እያለ ይስቅብን ነበር።» ጋሼ የምትለው አጎቷን ነው።

መርማሪዋ እንባ ጠበቀች፤ አልመጣም። ፋይሉ «አደጋ» ተብሎ ከተዘጋ ይህች ልጅ አባቴን ገደልኩ እንዳለች ታረጃለች።

ባለሙያው የሚኖረው በብረት ኮንቴይነር ውስጥ ነው። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ትንፋሹ እየጨሰ ተቀበላት።

«ከሟች ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«በየቀኑ እንጣላለን። ሰው የሚያወራው ስንጣላ ነው፤ ስንታረቅማ ማን አየን?» ከመተላለፊያው ጫፍ የተገኘውን መሣሪያ አሳያት። «ወፏ የለችም። ብሎኑ ደግሞ ተፈትቷል። ወፍ ብሎን አትፈታም።»

«ይህ ነገር ከመንገዷ ሌላ ምን ይመዘግባል?»

«ሙቀት። ግን ማን ያየዋል? የኛ ሥራ መንገዱ ነው።»

«ሰማይ የማያይበት ቦታ ቢቀመጥስ?»

«ዝም ይላል። መመዝገቡን ግን አይተውም፤ ሰማይ ያየ ቀን ሁሉንም ይዘረግፋል።»

«ቆይ፤ እስቲ ሙቀቱን አሳየኝ።»

አየች። በሰማያዊ ቀለም የተሳለው መስመር ይወጣል፣ ይወርዳል፤ እንደገና ይወጣል።

ወንድምየው ቤት ምድጃው ይንቦገቦጋል። መርማሪዋ ካፖርቷን አወለቀች። ሰውየው እንባው ቅርብ ነው፤ «ወንድሜን! ያ ድልድይ ይበላሃል ብዬ ስንቴ ነገርኩት!» እያለ ደረቱን መታ።

«ማሳዎ ያማረ ነው።»

«ያው እስከ ዛሬ ይዘነዋል። ወንድሜ ሽመላዎቹ የሚያድሩት እዚህ ነው ብሎ ካርታ ሠርቷል። ሰኞ ቢፈርም ኖሮ ማሳው ለወፎቹ ተብሎ ሊከለል ነበር። ተነጋግረን ተስማምተናል እንጂ ቂም የለኝም።»

«ሞታ ያገኟት ሽመላ ነበረች?»

«ኧረ በጭራሽ!»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በካርታው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ግድግዳው ላይ የወፎቹ መንገዶች ባሕር ይሻገራሉ።

«ሳንቃዎቹ ተነቅለው ነው» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ወጥመድ ነው። ወጥመዱ የተዘረጋው ደግሞ ለአንድ ሰው ነው፤ ቀይ ምልክት ያላት ወፍ ሞተች ሲባል የሚሄደው እሱ ብቻ ነውና።»

«እኔን ነው የሚሉት?» ባለሙያው ተነሳ።

«ቆይ፣ ተቀመጥ። አንተ ብትሆን መሣሪያው ሙቀት እንደሚይዝ ስለምታውቅ እሳት አጠገብ አታስቀምጠውም። ይህን ያደረገው መሣሪያው የሚናገረው ቦታ ብቻ የመሰለው ሰው ነው።» ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። «እስከዚህ ድረስ የውጭውን ብርድ ይከተላል። ከዚያ መሣሪያው ዝም አለ፤ ወፏን ሞታ ያገኛት ሰው ፈትቶ ደብቆታል። ከዚህ በኋላ ያለውን ተመልከቱ። ውጭ ሲመሽ ይበርዳል፤ እሱ ግን በየምሽቱ ይሞቃል፣ ሊነጋጋ ሲል ይቀዘቅዛል። እሳት ሲነድና ሲከስም ማለት ነው። ትናንት ማታ ረግረጉ ዳር ተቀመጠና ሰማይ አየ፤ ሳይንቀሳቀስ ስላደረም ‹ሞታለች› አለ። ይህ ቢሮ ማሞቂያ የለውም፤ ኮንቴይነሩም የለውም። እኔ ዛሬ ካፖርቴን ያወለቅሁት በአንድ ቤት ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ወንድምየው ዞሩ።

«እርስዎ ወደዚህ ሲመጡ ፖሊሶቹ ቤትዎን ፈትሸው ከምድጃዎ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አግኝተዋል፤ ውስጡ የሽመላ ላባ አለ» አለችው።

ሰውየው ብዙ ሳይከራከር ትከሻው ወረደ። «እግሩ ቢሰበር ሰኞ አይፈርምም ብዬ ነው። ከማሳው ሌላ ምን አለኝ? እንዲሞት አልፈለግሁም።»

«ጭቃው ወለል እንደሌለው ከልጅነትዎ ያውቃሉ።»



ልጅቷ አጎቷን አላየችውም። «ስለዚህ እኔ አይደለሁም?» ስትል መርማሪዋን ጠየቀች።

«አይደለሽም። የተላከልሽ ውሸት ነው፤ አንቺ የደረሰሽን ነው የነገርሽው።»

«እሺ» አለች።

መርማሪዋ የልጅቷ ፊት ሲፈታ ለማየት ጠበቀች። አልተፈታም። ፖሊሶቹ አጎቷን ይዘው ሲወጡ ልጅቷ በሩን ከፍታ ያዘችላቸው፤ ከዚያ ቀስ ብላ ዘጋችው።

«ነገ አስከሬኑን የሚረከቡ ሁለት ዘመዶች ይምጡ ብለውኛል» አለች። «እኔና ጋሼ ብዬ አስመዝግቤ ነበር። ሌላ ዘመድ የለንም። አሁን ማንን ልበላቸው?»