ይጠየቃል

ጸሐፊዋን ከወንበሯ አስነስተው ሲወስዷት መነጽሯ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

ወንጀሏ አንዲት ፊደል ናት ተባለ።

አዲሱ የሕንፃ ደንብ ሰኞ ታትሞ ወጥቶ ነበር። ስድስት ዓመት ተለፍቶበታል። አንቀጽ አርባ አንድ እንዲህ እንዲል ነበር ኮሚቴው የተስማማው፦ «የንግድ ሕንፃ ባለቤት፣ ለግንባታው ሲባል ስለወጣው ጭስ ይጠየቃል።» ጭሱ የሲሚንቶው ነው፤ የብረቱ፣ የመስታወቱ። ሕንፃው ገና አንድ አምፖል ሳይበራበት ከየፋብሪካው ምድጃ የወጣው ሁሉ ይሰላል። ከልኩ ያለፈ ፈቃድ አያገኝም። ደህና ሕንፃ አፍርሶ ሌላ የሚያቆም ደግሞ የፈረሰውም ይታሰብበታል።

የታተመው ግን «ይጠየቃል» አላለም። «ይጠይቃል» አለ።

ባለቤቱ ስለ ጭሱ ይጠይቃል! ጠይቆ ሲያበቃ፣ ደህና ዋሉ ብሎ ይገነባል።

ማክሰኞ የአንድ ባለ አሥራ አራት ፎቅ የመስታወት ሕንፃ ፈቃድ ወጣ። ረቡዕ ጠዋት፣ ቦታው ላይ የነበረውን ባለ አራት ፎቅ የድንጋይ ሕንፃ ዶዘር ይንደው ጀመር። ስንጥቅ እንኳ አልነበረበትም። ሐሙስ፣ የተፈረመው ዋና ረቂቅ ይምጣ ቢባል፣ ከተቆለፈበት መሳቢያ የለም። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ በኮሚቴው ሰብሳቢ እጅ፣ ሌላው በጸሐፊዋ። ሰብሳቢውን ማን ይጠረጥራል? ጸሐፊዋን አሰሯት።

ጉዳዩ የተሰጣት መርማሪ ስትናደድ ድምጿ ዝቅ ይላል። የሚያውቋት ድምጿ ዝቅ ሲል ገለል ይላሉ።

«'የ'ን ለመጻፍ ስንት ጊዜ ነው የሚመቱት?» አለቻት ጸሐፊዋን፣ ጣቢያው ውስጥ።

«ሁለት ጊዜ።»

«ሁለተኛውን ቢረሱትስ?»

«'ይ' ሆኖ ይቀራል።» ጸሐፊዋ ጣቶቿን ተመለከተች። «ጣቴ ስቷል በቃ። እንደሱ ብለሽ ጻፊው።»

«ቃሉ አንቀጹ ውስጥ ሦስት ቦታ አለ። ሦስቱም ተቀይሯል። ጣት አንዴ ይስታል፣ እትዬ። ቃል ጠብቆ ሦስት ጊዜ የሚስት ጣት አላየሁም። ጣቴ ሳተ በይ ያለዎት ማን ነው?»

ጸሐፊዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ለጡረታ ስንት ጊዜ ቀረዎት?»

«ስምንት ወር።»

«የመንግሥት ሰነድ መለወጥ ስንት ዓመት እንደሚያስፈርድ ያውቃሉ?»

«ተግሣጽ ብቻ ነው ብለው...» አለችና አፏን በመዳፏ ያዘች።

«እነማን?»

«እኔ ሰው አልከስም።» አለች። «ካርቦኑ ይመስክርልኝ።»

መርማሪዋ «ካርቦኑ ይመስክርልኝ» ብላ ጻፈችና ራሷን ነቀነቀች። በጭሱ ሰበብ ሰሞኑን ሰው ሁሉ ካርቦን ካርቦን ይላል። እስር ቤት ውስጥም?

ወደ ባለ ሕንፃው ሄደች። የሚፈርሰው ግንብ ፊት ለፊት፣ አቧራ ውስጥ ቆሞ ይስቃል።

«እኔ ሕንፃ እንጂ ፊደል አልሠራም፣ እመቤት። ደንቡ ጠይቅ አለኝ፤ ጠየቅሁ። 'ጭሱ ስንት ነው?' አልኩ። 'ብዙ ነው' አሉኝ። 'አመሰግናለሁ' አልኩ።»

«ደንቡ ሳይወጣ በፊት ነው ማመልከቻ ያስገቡት። የጭስ ስሌት አላያያዙም። እንደማያስፈልግ በምን አወቁ?»

ሳቁ ቀነሰ። «ንድፉን የሠራልኝ ሰው 'አይዞህ፣ ያልፋል' አለኝ።»

«ማን ነው?»

«ስሙ የሚገለጠው በምረቃው ቀን ነው። በር ላይ፣ እብነ በረድ ላይ ይቀረጽልኝ ብሏል። በክፍያው እንኳ እንደዚያ አልተከራከረም።»

ከኋላው አንድ ወለል ሙሉ ተደርምሶ ወረደ። መርማሪዋ ጥርሷን ነከሰች።

አንቀጹን ያረቀቀው መሐንዲስ በቢሮው ሁሉ «ጭሱ» ተብሎ ይጠራል። በሠርግ ቤት እንኳ ስለ ጭስ ያወራል ይሉታል። ረቂቁን በእጁ የጻፈው እሱ ስለሆነ ከተጠርጣሪ ይቆጠር ነበር።

«ካርቦኑ የት ነው ያለው?» አለችው።

«ሲሚንቶው ውስጥ ነዋ! የኖራ ድንጋዩ ሲቃጠል...»

«አቁም። ጸሐፊዋ 'ካርቦኑ ይመስክርልኝ' ትላለች። ጭስ ነው የሚመሰክርላት?»

መሐንዲሱ ግንባሩን በጥፊ መታ።

«እኔ ደነዝ! ሰማያዊውን ወረቀት ማለቷ ነው! በእጄ ስጽፍ ከሥር ካርቦን የምታስገባልኝ እሷ ናት። 'በዚህ ዘመን?' እያልኩ እስቅባት ነበር። 'ስለ ካርቦን ትጽፋለህ፣ ካርቦን ትንቃለህ' ትለኛለች።»

የጸሐፊዋን ጠረጴዛ ፈተሹ። ቅጂው ከስቴፕለር ሽቦ ካርቶን ሥር ተጣጥፎ ተገኘ። ሰማያዊ ነው፤ የኮሚቴው ፊርማ ሁሉ በሰማያዊ ተላልፎበታል። ይጠየቃል። ይጠየቃል። ይጠየቃል።

«እንግዲህ አለቀላት» አለ መሐንዲሱ በሐዘን። «ትክክለኛውን ሰጥተናት ነው ያበላሸችው።»

መርማሪዋ ቅጂውን ይዛ ወደ ሰብሳቢው ክፍል ወጣች።

ሰብሳቢውን ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። ሽበታቸው ያምራል። ጸሐፊዋ ከታሰረች ወዲህ በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዘው ጣቢያ የሚመላለሱት እሳቸው ናቸው። ከወንበራቸው ጀርባ ረጅም የንድፍ ማቀፊያ ቱቦ ግድግዳውን ተደግፏል።

«ልጄ፣ ያቺን ምስኪን አታንገላቷት» አሉ። «ሃያ ሁለት ዓመት አብራኝ ሠርታለች፤ እንደ ልጄ ናት። ደክሟት ነው።»

«ረቂቁስ፣ ጋሼ?»

«ፈርታ ቀዳዋለች። ሰው ሲፈራ ምን የማያደርገው አለ።»

«ቅጂው ተገኝቷል።» ሰማያዊውን ወረቀት ፊታቸው ዘረጋችው።

መነጽራቸውን አጠለቁ። «ይኸው! እኛ ትክክለኛውን ጽፈናል። ሦስት ጭረት ጨምራ የስድስት ዓመት ልፋታችንን ገደል ከተተችው!»

የመርማሪዋ ድምፅ ዝቅ አለ።

«ጭረት አሉ?»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ኪቦርድ ላይ ጭረት የለም፣ ጋሼ። አንድ ምት ይጎድላል እንጂ ምንም አይጨመርም። ጭረት የሚጨመረው በእስክሪብቶ ነው፤ በ'የ' አናት ላይ። በረቂቁ ላይ። ጸሐፊዋ መለወጥ ብትፈልግ ረቂቁን ምን አስነካት? ኪቦርዱ በእጇ! ረቂቁን መጫር የሚያስፈልገው፣ ታማኝ ሰው ያየችውን እንድትጽፍለት የሚፈልግ ነው።»

እጇን ወደ ማቀፊያው ዘረጋች። ሰብሳቢው ከወንበራቸው ተነሡ፤ ግን ዘገዩ።

መጀመሪያ የወጣው የአሥራ አራቱ ፎቅ ንድፍ ነበር። ከግርጌው የሰብሳቢው ስም በትልልቅ ፊደል። በመካከሉ ተጠቅልሎ ዋናው ረቂቅ። በሦስት 'የ' አናት ላይ፣ ከሌላው ቀለም የጠቆረ፣ ሦስት ጭረት።

«ለምን አላቃጠሉትም?»

«አላስቻለኝም። ስድስት ዓመቴ ነው።» ተመልሰው ተቀመጡ። «ዕድሜ ልኬን የሰው ንድፍ ሳጸድቅ ኖርኩ። አንድ የራሴን ሕንፃ አቁሜ ልሙት አልኩ። አንድ! በደንቡ ቢሰላ፣ አሮጌውን አታፍርስ፣ መስታወቱን ቀንስ ይለኛል። ምን ይቀርልኛል? ደንቡ ከእኔ በኋላ ይጀመር ነው ያልኩት። በስድስት ወር ውስጥ አስተካክለው ነበር።»

«ከእርስዎ በኋላ!» መርማሪዋ ጠረጴዛውን መታችው። «ሁሉም ከእኔ በኋላ ይጀመር ነው የሚለው! ለዚህ ነው የማይጀመረው! እሷንስ? በአንድ እጅ ካቴና አስገብተው በሌላው ምሳ ያበሏታል? 'ጣቴ ሳተ በይ፣ በተግሣጽ ትወጫለሽ' ብለው?»

«እንደ ልጄ...»

«ልጅ አይበሏት!»

ከሰዓት በኋላ ዶዘሩ እንዲቆም ትእዛዝ ደረሰ። ከአራቱ ፎቅ ሁለቱ ብቻ ቀርተው ነበር። ሁለቱን የሚመልስ ትእዛዝ የለም።

ጸሐፊዋ ስትፈታ ሁሉን ተናገረች። የፊደሉ አናት ወፍሮባት ሰብሳቢውን ጠይቃቸው ነበር። «ሕግ አታርሚ፣ ያየሽውን ጻፊ» አሏት። ጻፈች።

የጣቢያው ኮሪደር ላይ ተገናኙ። እሷ ስትወጣ፣ እሳቸው ሲገቡ። ካቴናው አሁን እሳቸው እጅ ላይ ነው።

«ልጄ» አሉ ሰብሳቢው፣ ዓይናቸውን መሬት ተክለው። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ...»

ጸሐፊዋ ቆመች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «እሺ ጋሼ» ያለ አፍ ነው።

«አይ፣ ጋሼ» አለች። «እርስዎ አይጠይቁም። ይጠየቃሉ።»

መነጽሯን ልታመጣ ወደ ቢሮዋ ሄደች።