በማልታ ድንጋይ ሥር

ሲኞራ ካርሜና ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከማልታ ደሴት አንድም ቀን ሳይወጡ የኖሩ፣ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ የሚጎድልባቸው የሚመስላቸው ሴት ነበሩ፤ አስታማሚያቸው ፀዳለ ግን ከወሎዋ ሐይቅ ከተማ ተነሥታ በቤይሩትና በቆጵሮስ በኩል እዚህ የደረሰች፣ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ የሦስት ሰው ታሪክ ይዛ የምትመለስ ለፍላፊ ነበረች። አራት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ አንዳቸው ሌላቸውን ለመለወጥ አልሞከሩም።

ፀዳለ በዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንታ ስለነበር ደሴቲቱን በቶሎ ወደደቻት። በአንድ ቀን ከዳር እስከ ዳር በሚያዳርሷት በዚህች ትንሽ አገር ፊንቄዎች፣ ዐረቦች፣ ባለ መስቀል ፈረሰኞችና እንግሊዞች ሁሉ አልፈውባት፣ «ራስ»፣ «ልሳን» እና «ሞት» የሚሉት የማልታ ቃላት ግን ከአገሯ ቋንቋ ብዙም ሳይርቁ መቆየታቸው ያስገርማት ነበር። የአደባባዩ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰዓቶች ነበሩት፤ አንዱ ትክክለኛ፣ ሌላው ሰይጣን የቅዳሴውን ጊዜ እንዳያውቅ ሆን ተብሎ የተሳሳተ። ሰይጣን ሰዓት አይቶ ነው ወይ የሚመጣው ብላ ብትስቅ፣ ሲኞራ ካርሜና እስካሁን ተታሏል ብለው ብቻ መለሱላት። ስሟን ግን መጥራት አቅቷቸው «ሴዳ» ይሏት ነበር፤ በደሴቲቱ ላይ «ፀ»ን አጥብቆ የሚጠራ አንድም ሰው አላገኘችም።

አሁን ውሏ ሊያልቅ ዐሥር ቀን ቀርቶታል። የአውሮፕላን ቲኬቷ ተቆርጧል። በሰባት ዓመቷ ትታት የመጣችው ልጇ ቃልኪዳን ዐሥራ አንድ ሞልቷታል፤ የፀዳለ እናት እማማ የሻረግም በየቀኑ እየደወሉ፣ ልጅቷ ፀጉሬን ካንቺ በቀር ማንም አይሠራኝም ብላ ጨብራራ ሆና እንደቀረች እየሳቁ ይነግሯታል።

ቤቱ እንደ ሰፈሩ ቤቶች ሁሉ ከማር ቀለም ድንጋይ የተሠራ ነው። ይህ ድንጋይ ከመሬት ሲወጣ እንደ ሳሙና ይቆረጣል፣ አየር ሲነካው ግን እየጠነከረ ይሄዳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ደሴቲቱን ሲያጋዩ፣ ሰው ሁሉ ከቤቱ ሥር ዐለቱን እየፈለፈለ መሸሸጊያ ያበጅ ነበር። የካርሜና ቤተሰቦች ስምንት ስለነበሩ፣ ለእያንዳንዳቸው ሰው የሚያስተኛ አንዳንድ ጓዳ ፈልፍለዋል። ወደዚያ የሚያወርደው በር ከደረጃው ሥር ተቆልፎ የኖረ ሲሆን፣ ቁልፉ ከሲኞራዋ አንገት ተለይቶ አያውቅም።

ያን ዕለት፣ ደሴቲቱ በሙሉ መስኮቷን ዘግታ በምትተኛበት የቀትር ሙቀት፣ ፀዳለ አንሶላ እያጣጠፈች ሳለ ስሟ ተጠራ። ጨዋ ሆኖ ያደገ ሰው እንደሚያደርገው፣ ማን እንደጠራት እንኳ ሳታስብ «አቤት» አለች። ወደ መኝታ ቤቱ ስትገባ ሲኞራ ካርሜና አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ጥሪው የመጣው ከታች መሆኑን፣ «ፀ»ም ምንም ሳይጎድልባት መጠራቷን የተረዳችው ያኔ ነበር።

በእራት ሰዓት እንደ ቀልድ አድርጋ አነሣችው። ሲኞራዋ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«መለስሽ?»

«እኛ ዘንድ የተጠራ ሰው ዝም አይልም፣ ሲኞራ።»

አሮጊቷ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉና እጇን መታ መታ አደረጉላት። «እኔም በስድስት ዓመቴ መልሻለሁ» አሉ።

ከማግስቱ ጀምሮ፣ ቀትር በሆነ ቁጥር፣ ከወለሉ ሥር የመሮ ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ ቸኩሎ የማያውቅ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ምት። ደረጃው አጠገብ አዲስ የተቆረጠ ድንጋይ ሽታ፣ ውኃ የነካው ኖራ የመሰለ እርጥብ ሽታ፣ ቀን በቀን እየከበደ መጣ። ትራሷ ላይ ነጭ ብናኝ አገኘች፤ ጠረገችው፤ ተመልሶ መጣ። በስምንተኛው ቀን ከቀትር እንቅልፏ ስትነቃ፣ ከተረከዟ እስከ አናቷ ጎኗን ተከትሎ የተዘረጋ ሲባጎ አየች፤ ልኩ ላይ በጥንቃቄ ተቋጥሯል። ሻንጣዋን ያን ዕለት ዘጋች።

ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ሲኞራ ካርሜና ከአልጋቸው ጠፉ። የደረጃው ሥር በር ተከፍቷል፤ ቁልፉ በውጭ በኩል ተንጠልጥሏል። ፀዳለ ጠራቻቸው። በዚያ ዳገታማ ደረጃ የሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ወድቃ ይሆናል ብላ ስታስብ እግሯ ከፍርሃቷ ቀደመ፤ ስልኳን ቻርጅ ላይ እንደተወች፣ ባትሪ ይዛ ወረደች።

ጓዳዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው፣ በየአናታቸው ስም ተቀርጾባቸዋል። ሰባቱ ባዶ ነበሩ። ስምንተኛው የሕፃን ልክ ነው፤ «ካርሜና» ይላል። በውስጡ ያለው ብርድ ልብስ በዝግታ ከፍ፣ ዝቅ ይላል። ፀዳለ ባትሪውን ከዚያ ላይ ስታሸሽ ብርሃኑ ከዘጠነኛው ላይ አረፈ፤ ድንጋዩ ገና ነጭ፣ ገና ለስላሳ ነው፣ ከላዩም በግዕዝ ፊደል «ፀዳለ» ተብሎ ተቀርጿል።

ከላይ በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ቁልፉ ዞረ።

ደረጃውን እየቧጠጠች ወጥታ ሳንቃውን በሁለት እጇ ደበደበችው፤ እንጨቱ ግን እንደ ዐለት ድምፅ አልባ ነበር። ከወዲያ በኩል ያለው ግን ሁሉ ይሰማታል፤ ሲኞራ ካርሜና ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ሌላም እግር በነጠላ ጫማ እየጎተተ ሳሎኑን አቋረጠ። ስልኳ ጮኸ፤ በድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ተነሣ። እማማ የሻረግ ነገ ስንት ሰዓት እንቀበልሽ ብለው ሲጠይቁ፣ ቃልኪዳን ከኋላ ስትጮህ ሰማች። ፀዳለ የልጇን ስም እስክትታፈን ድረስ ጠራች፤ ማንም አልሰማትም።

ከዚያ አራት ዓመት ሙሉ ዳቦ ሻጩን ሲያስቅ የኖረው የራሷ ድምፅ፣ ያው ሳቅ ሳይለየው፣ «እማዬ፣ እኔስ መምጣቱን ትቼዋለሁ፤ ቤቱ ሰፊ ነው፣ ቃልኪዳንን ላኪልኝ» አለ።