የጋልሞ ሐይቅ ሕያው ዘር

በዘንጋር መንግሥት ምንጮች ሁሉ አመድ ያፈለቁ ዕለት፣ ሽማግሌዎች መቅሠፍት እንደመጣ አወቁ። ብዙም ሳይቆይ ክስመት የተባለ ደዌ ሕፃናቱን ያዘ፤ ጣቶቻቸው እንደ ደረቀ ሐረግ እየተሰበሩ ይወድቁ ጀመር።

የቤተ መንግሥቱ ሐኪም አባ ዞሲም በንጉሥ አርሞን ፊት ቆሙ።

«ጃንሆይ፣ ደዌውን ማቆም እችላለሁ፤ የወደቀውን ግን መመለስ አልችልም። በጋልሞ ሐይቅ የምትኖረው ለምለሚት የተባለች ግዙፍ ፍጡር አካሏ ቢቆረጥ መልሶ ይበቅልላታል። ከመቅኒዋ ሕያው ዘር ቢገኝ፣ በሕፃናቱ ሥጋ ላይ እንተክለዋለን።»

ወጣቱ ጦረኛ ተሬድ ተንበርክኮ ማለ። «ዘሩን ሳልይዝ ብመለስ፣ የዘንጋር ምድር አትቀበለኝ።» የአባ ዞሲም ደቀ መዝሙር የሆነችው ታላቅ እኅቱ አውራንም አብራው ወጣች።

የሰርኩን በረሃ የእሳት አሸዋ አቋርጠው፣ ነፋስ ከሚጋልቡ አጋንንት ጋር ተዋግተው ከሐይቁ ደረሱ። ለምለሚት እንደ ኮረብታ ገዝፋ ከውኃው ወጣች። ተሬድ ሰይፉን ጣለ።

«እስካሁን የመጣው ሁሉ የመጣው ሊቆርጠኝ ነበር» አለች። «አንተስ?»

«ዘርሽን ልለምንሽ ነው የመጣሁት።»

ለምለሚት ወደ እሱ ጎንበስ አለች። «ዘሬ ከሥጋ ውጭ አያድርም። የተሸከመው ሰው በደሙ ያሳድገዋል፤ ሲነቀል ግን የሰውየው ልብ ይቆማል።»

አውራን ወደ ፊት ራመድ አለች። «እኔ ልሸከመው።»

«እታለም፣ የአባ ዞሲም እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል ብለሽኛል» አላት ወንድሟ። «አንቺ ከሞትሽ ለልጆቹ ማን ይተክልላቸዋል?»

አውራን የወንድሟን ደረት በገዛ ቢላዋዋ ከፍታ፣ ለምለሚት የሰጠቻትን ዘር አስገብታ ሰፋችው።

በመልስ ጉዞው ዘሩ ሲያድግ ተሬድ ከሳ። መራመድ ሲያቅተው አዘለችው፤ እንደ ሕፃን ቀልሏት ነበር።

«እማን አታስጠሪያት» አላት ከሕክምናው አዳራሽ ሲደርሱ። «ካየኋት እፈራለሁ።»

አውራን ግንባሩን ስማ ዘሩን ነቀለች። ወንድሟ እጇ ላይ ዐረፈ። እንባዋን ሳትጠርግ ዘሩን ከፋፍላ ለሕፃናቱ ተከለች።

ክረምቱ ሲወጣ ጣቶች በቀሉ። ንጉሡ ድል አሳወጀ፤ ከተማው በእምቢልታ ተናወጠ። እናታቸው ግን ከሐዘን ቤቷ አልወጣችም፤ ከአውራንም ጋር አልተነጋገረችም።

አንድ ቀን አውራን ከዳኑት መካከል አንዲት ትንሽ ልጅ ይዛ ወደ እናቷ ሄደች። ልጅቷ አዲስ ጣቶች የበቀሉበትን እጇን ለሐዘንተኛዋ ዘረጋች። እናት የልጅቷን እጅ በሁለት መዳፎቿ መሐል ያዘች።

«ይሞቃል» አለች።

«በእሱ ደም ነው ያደገው፣ እማ።»

እናት እጁን ሳትለቅ፣ አውራን አጠገቧ እንድትቀመጥ ጠጋ አለችላት።