ጀርባው የሚቆሽሸው ጋዋን

«ሮጦ ሲያመልጥ ያየሽው ሰው ልጅሽ ነው ወይስ አይደለም?»

የመጀመሪያው ችሎት ዳኛ ሲጠይቋት እናትየው አቀረቀረች። ምሳ ይዛለት ልጇ ወደሚሠራበት መስታወት መሥሪያ ስትቃረብ ያየችው የሰውየውን ጀርባ ብቻ ነው፤ የልጇን ሰማያዊ ጋዋን፣ ታጥቦ አልለቅ ካላት የቀለም እድፍ ጋር። ውስጥ የመስታወት መሥሪያው ባለቤት አንገቱን በመስታወት ስባሪ ተወግቶ ሞቷል። ስባሪው ላይ የልጇ አሻራ፣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ደግሞ ጋዋኑ ተገኘ፤ የማዶው ዘበኛም «እሱ ነው» አለ። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

ለይግባኙ የልጁ ጠበቃ አንድ ሽማግሌ፣ ጡረተኛ መርማሪ አመጡ። አንዳች ነገር ስለማያልፋቸው «ወንፊት» ይሏቸዋል።

«ጋሼ፣ አይደብቁኝ፤ ልጄ ገድሎ ይሆን?» አለቻቸው።

«ጋዋኑን የምታጥቢው አንቺ ነሽ?»

«ሌላ ማን አለው!»

«ይበልጥ የሚቆሽሸው የቱ ጋ ነው?»

«ጀርባው! ‹አንተ ልጅ፣ ግድግዳ ስትታከክ ነው እንዴ የምትውለው?› እያልኩ እጄ እስኪላጥ አሸዋለሁ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት።

ዘበኛው ዘንድ ይዘዋት ሄዱ።

«እኔን ንስር ነው የሚሉኝ» አለ ደረቱን ነፍቶ። «የጋዋኑን የደረት ቁልፎች እየፈታ ሲሮጥ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

«ፊቱንስ፣ ንስሩ?»

«ያንን ጋዋን ከሱ ሌላ ማን ይለብሳል?»

«ጋዋን ነዋ ያየኸው!»

መስታወት መሥሪያው ውስጥ ሠራተኞቹ ሲለባበሱ ሽማግሌው ቆመው አዩ። የሟቹ ወንድም መጣ።

«እኔ እዚህ ገብቼም አላውቅ፤ አቧራው ያስለኛል። ቤቱ ቶሎ ተሽጦ በተገላገልን!»

«ባሌን ‹እንሽጠው› እያልክ ስትነዘንዘው አልነበር?» አለች የሟቹ ሚስት፣ ዓይኗን ሳትነቅልበት።

በይግባኙ ቀን ሁሉም ችሎት ተሰበሰቡ። ሽማግሌው ተነሡ።

«ስባሪው ላይ ያለው አሻራ የልጁ ነው፤ አልክድም። ግን ያለው ከመስታወቱ የጀርባ ቀለም ሥር ነው። ጣቱ ያረፈው ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት፣ መስታወቱን ሲሠራ ነው።»

«ዘበኛው ግን አይቶታል» አሉ ዐቃቤ ሕጉ።

«እዚያ ቤት ቁልፍ መስታወት እንዳይጭር ጋዋን የሚለበሰው ዞሮ ነው፤ ቁልፉ ከኋላ ይሆናል፣ ጓደኛ ይቆልፋል። የጋዋኑ ጀርባ በሆድ በኩል ስለሚውል ነው የሚቆሽሸው። ልጁ ቢሆን ኖሮ እናቱ ከኋላ የምታየው ቁልፍ ነበር፤ ያየችው ግን እድፍ ነው። ዘበኛውም ቁልፉን ደረቱ ላይ አየ። የቤቱን አሠራር የማያውቅ ሰው ነው የለበሰው። ጋዋኑ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲገኝ ሁሉም ስባሪው ላይ አፍጥጦ ስለነበር ቁልፎቹን የመረመረ የለም። በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ አስመረመርናቸው። አሻራው የሟቹ ወንድም ነው።»

«እኔ... ነክቼው ይሆናላ!» አለ ወንድምየው።

«ገብተህ የማታውቅበት ቤት የተሰቀለ ጋዋን?»

ወንድምየው ተቀመጠ።

ልጁ ነጻ ተባለ። ሰንሰለቱ ሲፈታለት እናቱ ተንደርድራ አቀፈችው፤ እጆቹን ግን አላነሣም።

«እማዬ፣ አንቺም ጠርጥረሽኝ ነበር?»

«ልጄ... እድፉን አየሁት እኮ።»

ግንባሯን ሳማት። ከዚያ ፊቱን አዞረ።

የሟቹ ወንድም በፖሊሶች ተይዞ ሄደ። ልጅየው ልትወስደው ከመጣችው እህቱ ጋር፣ እሷ ቤት ሊኖር ሄደ። እናትየው አግዳሚው ላይ ቀረች፤ አጠገቧ የሟቹ ሚስት ነበረች።