በባዶው ወንበር ላይ የታሰረው ቀበቶ

ካላመናችሁኝ አልቀየምም። እኔም ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው "ይሄ ሰውዬ ቤንዚን ሲያሸት ውሎ ነው" እል ነበር።

ግን ሆኗል። በእኔው ላይ ሆኗል።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። የምሠራበት ጋራዥ።

መኪናዋ የእህቴ ናት። ያገለገለች ናት፤ በቅርቡ ነው የገዛቻት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውስጧ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ከኋላ የምትቀመጠው ልጇ ትምህርት ቤት እስክትደርስ ራሷን ያማታል፣ ያስመልሳታል።

"ይቺ መኪና ልጄን ልትገድልብኝ ነው፣ ወንድሜ" አለችኝ እህቴ።

ፈትሼ አገኘሁት። የነዳጁን ትነት ወደ ሞተር የሚመልሰው ቱቦ ተሰንጥቋል። ቀየርኩት። የቀረኝ ነድቼ ማረጋገጥ ብቻ ነበር።

ይሄ ሙከራ የራሱ ሕግ አለው። መኪናው ቆሞ ያድራል፣ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ይነሳል። የነዳጁ ክዳን አይነካም። መንገድ ላይ ከቆምክ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል። አለቃችን ደግሞ የራሱን ጨምሮበታል።

"መስኮት ዘግተህ ንዳ። ማሽኑ ቢሳሳት አፍንጫህ ይነግርሃል።"

የመመርመሪያ ማሽኑን ሰካሁ። መስኮቱን ሁሉ ዘጋሁ። ዘበኛው በሩን እስኪከፍት ስጠብቅ...

ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ...

የቀበቶ ማስጠንቀቂያ ነው። የእኔን አስሬያለሁ። የሚጮኸው ከጎኔ ላለው ወንበር ነው።

ወንበሩ ላይ ያስቀመጥኩት የመፍቻ ሳጥን ከብዶት ነው ብዬ ሳጥኑን ወደ ታች አወረድኩት።

ጢጥ... ጢጥ...

"አንቺ ደግሞ አመልሽ አያልቅም!" ብዬ የባዶውን ወንበር ቀበቶ ስቤ አሰርኩት።

ጸጥ አለ።

አውራ መንገድ ገባሁ። ፍጥነቴን ሳልጨምር ሳልቀንስ ያዝኩ። ምንም አይሸትም። ደስ ብሎኝ ማፏጨት ጀመርኩ።

ከዚያ የፊት መስታወቱን አየሁት።

በእኔ በኩል ያለው ጥርት ብሏል። በባዶው ወንበር በኩል ያለው ግን በጉም ተሸፍኗል... ጠራ... እንደገና ተሸፈነ... ጠራ...

ሰው ተጠግቶ ሲተነፍስበት እንደሚሆነው።

ልቁም? ከቆምኩ ሙከራው ተበላሸ። ልጅቷ ነገም ልትታመም ነው። "እርጥበት ነው... እርጥበት ነው..." እያልኩ ራሴን ደለልኩ።

ያኔ ነው ከጎኔ በሹክሹክታ የመጣው።

"ደረስን?"

የልጅ ድምፅ ነው።

ዞር ልበል ብል አንገቴ እንቢ አለኝ።

"አ... አልደረስንም" አልኩ። ለምን እንደመለስኩለት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ማሽኑ አረንጓዴ አበራ። ሙከራው አልፏል። ወዲያው ዳር ይዤ አቆምኩ።

ቀጭ።

ቀበቶው ራሱን ፈትቶ ተጠቀለለ። መሃሉ ጎድጉዶ የነበረው ወንበር... ቀስ እያለ ተነፋ። ሰው ሲነሳለት እንደሚሆነው።

ወረደ ብዬ አሰብኩ። በሩ እንዳልተከፈተ ያስተዋልኩት ጋራዥ ከደረስኩ በኋላ ነው።

እህቴ ልጇን ይዛ እየጠበቀችኝ ነበር። አለቃዬን ጎተት አደረግኩት።

"ጋሼ፣ መኪናዋ ውስጥ..."

"ይሸታል?"

"አይሸትም፣ ግን..."

"አለፈች ወይስ አላለፈችም?"

"አልፋለች።"

"እና ምን ትፈልጋለህ?" ብሎ ቁልፉን ከእጄ ወስዶ ለእህቴ ሰጣት።

"እባክሽ ዛሬ በእግራችሁ ሂዱ" አልኳት።

"ተው እንጂ! ልጅቷ ረፍዶባታል።"

ልጅቷ ከኋላ ገባች። እህቴ ሞተሩን አስነሳች።

ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ...

አሁን የሚጮኸው ለኋላው ወንበር ነው።

"ቀበቶሽን አላሰርሽም እንዴ?"

"እኔ አስሬያለሁ፣ እማዬ።"

ከዚያ ልጅቷ ወደ ጎኗ ዘንበል ብላ የባዶውን ቦታ ቀበቶ ሳበች። በቀስታ አሰረችው... ለታናሽ ወንድም እንደሚታሰር።

ጸጥ አለ።

መኪናዋ ወጣች። "አቁሚ!" እያልኩ ከኋላ ሮጥኩ። ያን ቱቦ የቀየርኩት ልጅቷ እንድትድን ነበር። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው፣ ማንም አልሰማኝም።

በኋላው መስታወት ልጅቷን አየኋት። ጭንቅላቷን ወደ ባዶው ቦታ ጣል አደረገች።

ጭንቅላቷ አልወደቀም... ከወንበሩ ርቆ፣ አየር ላይ እንደተደገፈ ቀረ።